የፕሮላክቲን መጠኔ ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱ ግን አልተገኘም

ጠያቂ (ጅማ፣ ሄርማታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የወር አበባዬ ከተዛባ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንዳንድ ወር ጭራሽ ይቀራል። ወልጄ አላውቅም፤ ሆኖም ጡቴን ጫን ሳደርገው ወተት የሚመስል ፈሳሽ ጠብ ይላል፤ የውስጥ ልብሴ ላይም ደርቆ አገኘዋለሁ። በደም ምርመራ ፕሮላክቲኔ (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ሆርሞን) በሚሊ ሊትር 58 ናኖግራም ሆነ፤ ወረቀቱ ላይ የሠፈረው ከፍተኛው ጤናማ መጠን 25 ነው። እርግዝና የለም። ሐኪሙ ምክንያቱ እንደማይታወቅ ነግሮኝ ፕሮላክቲንን የሚቀንሰውን ካበርጎሊን የተባለ መድኃኒት ሊያዝልኝ ነበር፤ እኔ ግን መንስኤውን ሳላውቅ መጀመር ከበደኝ። ከባለቤቴ ጋር ልጅ በጉጉት እየጠበቅን ስለሆነ፣ በዚያ ላይም «ጭንቅላት ውስጥ እጢ ሊሆን ይችላል» ስለተባልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ 1 (የፋርማሲ ባለሙያ)፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ፕሮላክቲን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ ዕጢ ሲሆን፣ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ከልክ እንዳያልፍ ዘወትር ይገታዋል። ስለዚህ የዶፓሚንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ፕሮላክቲንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕላሲል፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና ሪስፐሪዶን በዚህ የታወቁ ናቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒቱ ሜቲልዶፓ እና ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲንም ሊጨምሩት ይችላሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ ያለ ማዘዣ የገዛውን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው ለሐኪሙ አይነግረውም። የምትወስጂው ነገር አለ?

ጠያቂ፦
ጨጓራዬ ሲነሳብኝ ፕላሲል እወስዳለሁ፤ ሐኪሙም አልጠየቀኝም።

መልስ 1፦
እንግዲያው ይህንን ሳያጣሩ ምክንያቱ አይታወቅም ማለት አይቻልም። ከሐኪምሽ ጋር ተማክረሽ ለ3 ቀን ያህል ካቆምሽው በኋላ ምርመራው ይደገም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ አንባቢ ካለ ግን ያዘዘለት ሐኪም ሳይፈቅድ በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

መልስ 2 (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
ደሙ ሲደገም ከእንቅልፍ እንደነቃሽ ወዲያው ባይቀዳ ይመረጣል፤ ፕሮላክቲን በእንቅልፍ ጊዜ ከፍ ስለሚል ጥቂት ሰዓት ይለፈው። በፍጥነት ተራምደሽ ወይም ተጨንቀሽ ከደረስሽ አረፍ በዪ፤ በመርፌ መደንገጥ እንኳ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያው ደም ላይ ቲኤስኤች (አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) እንዲሠራልሽ ጠይቂ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ አንጎል ዕጢውን ለማነቃቃት የሚልከው መልእክት ፕሮላክቲንንም ይጨምረዋል፤ እንቅርት ባለበት ቤተሰብ ይህ ችላ ሊባል አይገባም። የኩላሊት ምርመራም መታከል አለበት። ማክሮፕሮላክቲን የሚባልም አለ፤ ሆርሞኑ ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣብቆ በደም ውስጥ ስለሚቆይ ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ጉዳቱ እምብዛም ነው። ሆኖም አንቺ ምልክት ስላለሽ እዚህ ላይ ብዙ አልደገፍም። ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ይህንንም አብረው እንዲያዩልሽ አስጽፊ።

መልስ 3 (ጅማ)፦
እኔም ከዚህ ችግር ጋር የምኖር ሴት ነኝ። መድኃኒቱም ታይሮይዱም ኩላሊቱም ተጣርቶ፣ በኤምአርአይም ምንም ሳይታይ መንስኤው ያልታወቀ ከተባሉት ውስጥ ነኝ። እጢ የሚለው ቃል እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። ነገር ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ካንሰር ያልሆነና እምብዛም የማያድግ ነው፤ ትልልቆቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕሮላክቲንን ከ250 በላይ ያደርሱታል። የ58 ውጤት እጢ መኖሩን ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም መድኃኒትንም ታይሮይድንም ሊያመለክት ይችላል። ካበርጎሊንን አትፍሪው፤ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ ሲሆን የወር አበባንም ማርገዝንም ለብዙዎች መልሷል፤ ሲጀመር ስለሚያዞር ማታ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የወር አበባሽ ለረጅም ጊዜ ከቀረ አጥንት ስለሚሳሳ ክትትሉን አታዘግዪው። ከባድ ራስ ምታት ቢመጣብሽ ወይም በጎንና በጎን ያለው እይታሽ ቢጠብብሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።