ለመስቀል አገር ስንገባ ትምህርት ቤቱን በምን እንርዳ? ኮምፒውተር ይሁን ወይስ ሌላ?

ጠያቂ፦ ባለሱቁ ከመርካቶ

ሰላም ወገን። ምክር ፈልጌ ነው።

መርካቶ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ትውልዴ ጉራጌ ነው፣ ከእምድብር ገባ ብሎ። እንደምታውቁት እኛ ዓመቱን ሙሉ የትም ብንከርም ለመስቀል አገር ቤት እንገባለን። ክትፎው ተበልቶ፣ ሽማግሌ መርቆ ሲያበቃ ወሬው ዞሮ ዞሮ ልማት ላይ ያርፋል። አባቶቻችን መንገድ አዋጥተው አስወጥተዋል። ለእኛ ትምህርት ቤቱ ደርሶናል።

የሰፈራችን ልጆች ዘንድሮ 900 ሺህ ብር ገደማ ሰብስበናል። ትምህርት ቤቱ እኔም እስከ ስምንተኛ የተማርኩበት ነው፤ ከዚያ ሱቅ ጠባቂ ሆኜ ሸገር ገባሁ። አሁን ጎኑ ሁለተኛ ደረጃ ተሠርቷል። ግን ባለፈው 12ኛ ካስፈተናቸው ልጆች 50 ከመቶ ያመጣ አንድም የለም። ሰው አፍሯል።

ኮሚቴያችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው፣ ኮምፒውተር ላብ እንክፈት" ይላል። ግማሹ ደግሞ አጥርና ትልቅ የብረት በር ነው የሚፈልገው፣ ያውም ስማችን የተጻፈበት። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የቱ ዕቃ እንደሚሄድ ሽታው ይነግረኛል። ትምህርት ላይ ግን ጨለማ ነኝ። ብሩ ሁሉን አያዳርስም። አስተምራችሁ የምታውቁ ምን ትላላችሁ?


መልስ፦ የፕላዝማ ልጅ

ጋሼ፣ ስለ ቴክኖሎጂ እኔን ይጠይቁኝ። በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው ፕላዝማ የመጣው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትንበለበላለች። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። በሳተላይት ስለሆነ "ቆይ አንዴ" ማለት የለም። መምህራችን ጥግ ይዞ አብሮን ያያል።

መብራት የሄደ ቀን ግን ጠመኔውን አንስቶ በአማርኛ ቀላቅሎ ያስረዳናል። ፊዚክስ የገባኝ በእነዚያ ቀናት ነው። መብራት ሲሄድ የሚያጨበጭብ ክፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኮምፒውተሩን ማን ይጠግነዋል? መብራቱስ አለ? ይኸው ነው የእኔ ጥያቄ።


መልስ፦ መምህርት፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል

ወንድሜ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ማሰባችሁ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔም እዚያው ጉራጌ ዞን ገጠር ነው የማስተምረው፣ ከእናንተ ብዙም አልርቅም። 12ኛ ላይ ወደቁ የምትላቸው ልጆች እውነቱን ለመናገር የወደቁት እኔ ክፍል ነው። ያኔ ማንም ስላላየ ነው።

ላሳይህ። አገር ስትገባ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥራና "አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ" የሚለውን አስነብበው። ጥርት አድርጎ ይወጣዋል። አንተ ግን ዓይኑን ተመልከት፤ ጣሪያው ላይ ነው። ከዚያ ወረቀት አውጣና "ጩቤ በሶ በላ" ብለህ ጻፍለት። ማንበብ የሚችል ልጅ ይስቃል። የማይችለው ኮስተር ብሎ "አበበ በሶ በላ" ይልሃል። እኔ መስከረም ላይ እንዲህ ነው የምለያቸው። የሚስቁት ጥቂት ናቸው።

ፊደሉም ያው ነው። ከ"ሀ" እስከ "ፐ" በዜማ ይወርደዋል። ከመሀል "ሾ የቱ ነው?" ስትለው ግን "ሸ፣ ሹ፣ ሺ" እያለ በጣቱ እየቆጠረ ይሄዳል። ለአንድ ፊደል ይህን ያህል ከደከመ፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። 70 ናቸው። አንድ ዴስክ ላይ አራት ይቀመጣሉ። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው፤ መሀል የተቀመጠው ያያል፣ የዳርና የዳሮቹ አንገታቸውን ያጣምማሉ። ማታ ቤት ይዞት የሚሄድ የለም። ደግሞ ብዙዎቹ እቤታቸው የሚያወሩት ጉራጊኛ ነው። አማርኛ በደንብ የሚሰሙት እኔ ጋ መጥተው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጉራጊኛ እያስረዳሁ ነው የምገፋው። ሱፐርቫይዘር የመጣ ቀን ብቻ ቶሎ ወደ አማርኛ እመለሳለሁ።

በዚያ ላይ ለዓመታት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል መጣል የለም ተብሎ ኖሯል። ልጁ ፊደል ሳይለይ አራተኛ ይደርሳል። የአራተኛ ክፍል መምህር ሳይንስ የሚጨርስበት ዕቅድ አለበት፤ ፊደል ላስቆጥር ቢል ማን ይፈቅድለታል? ከዚያ ወዲያ ልጁ ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ ይማራል። ደብተሩን ብታየው ታደንቃለህ፤ ጽሕፈቱ ያማረ ነው። አንብበው ስትለው ግን ዝም።

በ2002 ዓ.ም. የአገራችን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲለካ፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። በዓመቱ አንደኛ ክፍል የገቡት ናቸው የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰዱት። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ፣ ኩረጃው ሲቀር፣ 896,520 ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 ከመቶ ማለት ነው። አገር ጉድ አለ። እኛ የታች ክፍል መምህራን ግን ብዙም አልገረመንም።

ስለዚህ ብራችሁን ታች አውርዱት። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አጫጭር ተረቶች በትልልቅ ፊደል፣ ለእያንዳንዷ ተረት አንድ ቅጠል ወረቀት ወይም ሁለት፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በጉራጊኛ። ተረቱን ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ መስቀል ላይ ተሰብስበውልሃል። ለልጆች እንዲሆን አድርገን የምንጽፈው እኛ መምህራን ነን። ማሳተሙ የአንተ ነው፤ መርካቶ ሆነህ ማተሚያ ቤት አይጠፋህም። ዋናው ነገር ለአንድ ልጅ አንድ ቅጠል መድረሱ ነው፤ ማታ ለእናቱ እያነበበ እንዲያድር።

ሁለተኛው፣ 12ኛ ጨርሰው እቤት የተቀመጡ ልጆች አሉ። በተለይ ሴቶቹ። መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ተከፍሏቸው ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያስነብቡ። ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ነው መመደብ ያለባቸው፦ ፊደል የማይለይ ከማይለይ፣ ቃል የሚያነብ ከሚያነብ ጋር። አምስተኛ ክፍል ሆኖ ፊደል የማይለይ ካለ እሱም ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። ያፍራል ትሉኝ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ማፈሩን ይተወዋል።


መልስ፦ ኢኮኖሚክስ ነገር

መምህርት ያሉትን በሌላ አገር ሞክረው ያዩት አሉ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት በትክክል ይህንኑ ያደርጋል፦ ልጆችን በንባብ ደረጃቸው ከፋፍሎ፣ የሰፈር ወጣቶችን አሠልጥኖ ማስነበብ። ባነርጂና ዱፍሎ የሚባሉት ኢኮኖሚስቶች ውጤቱን ለዓመታት ለክተውታል፤ በ2019 እንደ ፈረንጆች የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ እነሱ ናቸው። ሦስተኛው ክሬመር ደግሞ ኬንያ ገጠር መማሪያ መጽሐፍ ሲታደል ምን እንደሚመጣ አጥንቷል። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ልጆች ብቻ ነበሩ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሌሎቹ ማንበብ አይችሉም።

ኮምፒውተር ላሉት፦ ፔሩ ለገጠር ልጆች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አድላ ነበር። ሲጠና በሒሳብም በንባብም ለውጥ አልታየም።


መልስ፦ ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር

መምህርት ልጄ፣ አማርኛሽን አስተካክዪ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ሌላ ጉድኝት፣ ሌላ የትምህርት ቤቶች ስብስብ ላይ ነበርኩ። ብሆንም ኖሮ በጉራጊኛ ሲያስተምሩ እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፍ ነበር። ሁላችንም እንዲያ ነበርን።

በሐሳብሽ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የምታስነብቢው ቅጠል ጥሩ ነው፤ የሚያስነብበው መምህርስ የታለ? እኔ በሞተር ስዞር የኖርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ችግራቸው ይሄ ነበር። መምህሩ ቤት የለውም። ከከተማ እየተመላለሰ ሰኞ አርፍዶ ይገባል፣ ዓርብ በጊዜ ይወጣል። ዝናብ ከሆነ ጭራሽ የለም። ዝውውር እስኪያገኝ ቀን ይቆጥራል። እዚያው የሚያድር መምህር ያለበት ትምህርት ቤት ግን ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ እኔ ብሩን ለመምህራን መኖሪያ ነው የማደርገው። ጭቃና ቆርቆሮ ይበቃል፤ መሬቱን ቀበሌው ይሰጣል፣ እንጨትና ጉልበት ከሕዝቡ።

ከተረፈ ለሴት ልጆች በር ያለው ሽንት ቤት ሥሩ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ በየወሩ ለምን እንደሚቀሩ የሚጠይቃቸው የለም።

ባለሱቁ ልጄ፣ አንድ ነገር ስማኝ። ጥሬ ብር ለማንም እጅ አትስጥ። በዓይነት አስገባ። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ፣ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ተቀበል። ደግሞ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ። አለበለዚያ ርዕሰ መምህሩ የተቀየረ ዕለት ያስገባችሁትም አብሮ ይቀየራል። ስንት ማይክሮስኮፕ በካርቶኑ እንዳለ ስቶር ውስጥ እንዳየሁ ብነግርህ ታለቅስ ነበር። ቁልፉ የጠፋበትም ነበረ።


መልስ፦ መምህርት

አባባ፣ የመምህር ቤት ነገር ሐቅ ነው። እኔ የምኖረው ከአንዲት ባልቴት ጋር ተጠግቼ ነው። ግን ቤት ቢሠራም እኮ 70 ልጅ ይዤ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ነው የምገባው። ደግሞ 900 ሺህ ብር በዛሬ ቆርቆሮና ሚስማር ዋጋ ስንት ክፍል ያወጣል? ባለሱቁ ይንገረን። ማስነበቡ ግን በዚችው ብር ጥቅምት ላይ ሊጀመር ይችላል። ለሽንት ቤቱ እጄን አወጣለሁ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።


መልስ፦ ባለሱቁ ከመርካቶ

እግዜር ይስጥልኝ መምህርት። አባባም ኢኮኖሚክስም ሁላችሁም ኑሩልኝ። የቆርቆሮውን ዋጋ ጎረቤት ሱቅ ጠይቄ ነበር፤ ባልነግራችሁ ይሻላል። ቤቱን ለከርሞ አሳድረነዋል።

ያን "ጩቤ በሶ በላ" ሞከርኩት። የእህቴ ልጅ ክረምቱን እኔ ጋ ነው፣ ዘንድሮ አምስተኛ ገባ። ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰጠሁት። በቃሉ የለመደውን አወረደልኝ። የሱቁ በር ላይ የነበረው ደንበኛ ደግሞ ካርቶኑን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ምን እንደሚያስቅ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ዛሬ ማታ ኮሚቴው ስለሚሰበሰብ ካርቶኑንም ልጁንም ይዤ እሄዳለሁ። ኮምፒውተር የሚሉት ከዚህ በኋላ የሚከራከሩኝ አይመስለኝም።

የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው መምህርት። የብረት በር የሚፈልጉትን ምን ልበላቸው? ከእነሱ ነው ትልቁ መዋጮ የመጣው፣ ላስቀይማቸው አልችልም። ማተሚያ ቤቱም የወረቀቱን ዓይነት ጠይቆኛል።


መልስ፦ መምህርት

ስማቸውን በየተረቱ ጀርባ አሳትምላቸው። በሩ ላይ ቢጻፍ ሰው የሚያየው በአንድ ቦታ ነው፤ ተረቱ ጀርባ ቢሆን ግን በየቤቱ ይገባል፣ ልጆቹም ስማቸውን እያነበቡ ይለማመዱበታል። እንዲያውም የአባታቸውን ስም ቢጨምሩ ጥሩ ነው፣ ረጅም ስም ለማስነበብ ይመቸኛል።

ወረቀቱ ወፍራም ይሁን፣ የሠርግ ጥሪ የሚታተምበት ዓይነት። "ቀጭኑ ይረክስልሃል" ቢሉህ እሺ እንዳትል። የእኔ ልጆች እጃቸው እርጥብ ነው፣ ቤታቸውም ጭስ አለ፤ ቀጭኑ እስከ ገና አይደርስም። ፊደሉ ደግሞ ከሩቅ እንዲታይ ይተልቅ፣ በመስመር ከአራት ቃል አይብለጥ። ከመታተሙ በፊት አንዷን በቴሌግራም ላክልኝና ክፍል ውስጥ ልሞክራት።