የማኅበራችን ጽጌረዳዎች ለብርድ ወቅት፦ የጋራ ሐሳቡን እንጨርስ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጋራ አትክልታችን ጽጌረዳዎች ብርዱ ሳይጠና እንዴት እንደሚዘጋጁ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። የእኔ መነሻ ይኼ ነው፦ አንድ የሥራ ቀን ይቆረጥ፤ በዚያው ቀን ሁሉም እስከ ጉልበት ድረስ ይከርከም፣ ቅጠሉ ይጠረግ፣ ተክሉ ይሸፈን። የማትስማሙበትን በግልጽ ጻፉ።

የተክል ክፍል ተጠሪ፦ ሰብሳቢያችን፣ ስላስጀመሩን እናመሰግናለን። መከርከሙ ላይ ግን አልስማማም። ጽጌረዳ ሲቆረጥ አዲስ ቀንበጥ ለማውጣት ይነሳሳል። ውርጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ለጋ ቀንበጥ ነው። ብርዱ ቅርንጫፉን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚገድለው። ረዘም አድርገን ከተውነው ጫፉ ቢሞት እንኳ ከታች ደህና እንጨት ይተርፈናል። ዋናው ክርከማ እምቡጡ ማበጥ እስኪጀምር፣ እስከ ጸደይ ይቆይ። አሁን የሚቆረጠው የሞተው፣ የታመመውና ነፋስ የሚያወዛውዘው በጣም ረጅሙ ብቻ ይሁን። ተክሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ሥሩ ይላላል።

አባል፦ በዚህ ላይ ማዳበሪያውን ጨምሩበት። ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ የመጀመሪያው ውርጭ ከሚጠበቅበት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለበት። የጠወለገ አበባ መቁረጥም እንዲሁ። አበባው ደርቆ ፍሬ ሲይዝ ተክሉ እድገቱን ይቀንሳል፤ እንጨቱም ይጠነክራል። ይኼ ወጪ የለውም፤ እጃችንን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን ሽፋኑ ቶሎ ቢሆን እመርጣለሁ። ብርዱ ሳይነካቸው ብንሸፍናቸው ምን ይጎዳል?

የተክል ክፍል ተጠሪ፦ ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው እህቴ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይለያያል። የሽፋኑ ዓላማ ተክሉን ማሞቅ አይደለም፤ ቅዝቃዜው እኩል ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ጽጌረዳን በጣም የሚጎዳው ምድሩ እንደ በረዶ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ ደግሞ ሲረጋ ነው። ያኔ አፈሩ ያብጥና ሥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደረቅ ነፋስ ደግሞ ቅርንጫፉን ያደርቀዋል። ቶሎ ከሸፈንነው ለብርድ መተኛት ያቅተዋል። አይጥም ሽፋኑ ውስጥ ቤቷን ትሠራለች። ስለዚህ ውርጭ ደጋግሞ ይምታው፤ የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ መንካት ሲጀምር እንሸፍን። ፕላስቲክ ግን በፍጹም አይሁን። ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ ይሞቃል፣ ያልባል፣ ይሻግታል። ጆንያ ይተነፍሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁሉንም መሸፈን ግዴታ ነው? ጆንያውም አፈሩም ይገዛል እኮ።

የተክል ክፍል ተጠሪ፦ አይደለም። ሩጎሳ የሚባለው የጽጌረዳ ዝርያ ከባድ ብርድ ይችላል፤ አይሸፈንም። በራሱ ሥር የበቀለም ላዩ ቢሞት ከታች ራሱን ሆኖ ያቆጠቁጣል። የሚያሳስበኝ ግራፍት የተደረጉት፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥለው ያደጉት ናቸው። ሃይብሪድ ቲ የሚባሉት ትልልቅ አበባ ያላቸው በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። ግንዱና ሥሩ የተጋጠሙበት ያበጠ ቦታ ከሞተ የምንወደው አበባ ሄደ ማለት ነው፤ ከሥሩ የሚወጣው ሌላ ጽጌረዳ ነው። መጋጠሚያው ላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ አፈር ወይም የበሰለ ኮምፖስት ይከመርበት። አፈሩ ግን ከሌላ ቦታ ይምጣ። ከዚያው ከተክሉ ዙሪያ ከተፋቀ ሥሩ ይራቆታል።

አባል፦ ሚኒሶታ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት አትክልተኞች ተክሉን በአንድ ጎን ከሥሩ ፈታ አድርገው፣ ጉድጓድ ውስጥ አጋድመው ይቀብሩታል። ይሠራል፤ ግን ጉልበት ይፈጃል። ለእኛ ክምሩ ይበቃል ባይ ነኝ።

ጸሐፊ፦ እስካሁን ያላችሁትን እንዲህ አርቅቄዋለሁ፦

«ማኅበሩ ዝግጅቱን በሁለት ዙር ያካሂዳል። በመጀመሪያው ዙር ማዳበሪያ ይቆማል፤ የወደቀው ቅጠል ተለቅሞ ይወገዳል፤ ምድሩ ሳይረጋ ሁሉም ተክል በደንብ ውኃ ይጠጣል። ሁለተኛው ዙር ቀኑ አስቀድሞ አይወሰንም፤ ቴርሞሜትር ታይቶ ይጠራል። ያኔ ግራፍት የተደረጉት ብቻ አፈር ይከመርባቸዋል።»

ሌላ አባል፦ ቅጠሉን «ይወገዳል» ብቻ አትበዪው። ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ ብርዱን የሚያሳልፈው በወደቀው ቅጠልና በታመመው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ወደ ኮምፖስታችን እንዳይገባ ተብሎ ይጻፍ። ደግሞ በአጥሩ ላይ የሚወጡት ቀሩ። በዓመት አንዴ የሚያብቡት በአሮጌ እንጨት ላይ ስለሆነ የሚያብቡት፣ ዛሬ የቆረጥነው የመጪው ዓመት አበባ ነው። ቅርንጫፉ ይታሰር፣ በጆንያ ይጠቅለል፤ መቀስ አይንካው።

አባል፦ በፖት ያሉትንም አንርሳ። ፖት ውስጥ ያለ ሥር ከዳር እስከ ዳር ይረጋል። ማሞቂያ የሌለው፣ ግን ብዙ የማይረጋ መጋዘን ይግቡ። አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ትንሽ ውኃ ይሰጣቸው።

ጸሐፊ፦ ሦስቱንም አስገብቻለሁ። ከሥሩ ደግሞ ይኼን ጨምሬያለሁ፦ «ሽፋኑ በጸደይ በአንድ ቀን አይነሳም፤ ውርጩ እየለቀቀ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይነሳል።»

ሰብሳቢ፦ እኔም እስከ ጉልበት ይከርከም ያልኩትን አንስቻለሁ፤ ምክንያቱ አሳምኖኛል። አንድ ነገር ይቀረናል። የትኛው ግራፍት እንደተደረገ ሳናውቅ ገንዘብ ያዣችን ስንት ጆንያ እንደሚገዛ ማስላት አይችልም። ተጠሪያችን ከሁለት አባላት ጋር ረድፉን ዞረው፣ የግንዱን ሥር አይተው ምልክት ይሰሩበት። ዝርዝሩ እንደደረሰን ሐሳቡ ለጉባኤው ይቀርባል።

የተክል ክፍል ተጠሪ፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት እንጀምራለን። አብሮኝ የሚዞር ስሙን ለጸሐፊዋ ይስጥ፤ ጓንት አይርሳ።