የራዶን ማራገቢያው ቆሟል፣ ልጆቹ ቤዝመንት ነው የሚተኙት! ፈጥናችሁ መልሱልኝ

የመንታዎቹ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ራዶን የሚባለውን ከአፈር የሚገባ አደገኛ ጋዝ ከቤት የሚያስወጣው ማራገቢያ ቆሟል። ቧንቧው ላይ የተለጠፈችው ቀይ ፈሳሽ ያለባት ቱቦ ሁለቱም ጎኗ እኩል ሆኗል። ቤቱን ስንገዛ ኢንስፔክተሩ «እኩል ከሆነ አይስብም ማለት ነው» ብሎን ነበር። ባለሙያ ደወልኩ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት በፊት አልችልም አለኝ። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ? የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማንቂያ አልጮኸም። እሱ ይበቃኛል?

ደረጀ ዘ ዴንቨር፦
እህቴ የት ስቴት ነሽ? ማራገቢያው አቲክ (ጣሪያው ሥር) ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ሳይቆም በፊት የተለካው ስንት ነበር? ይህን ሳናውቅ ምን ብለን እንመልስልሽ?

ሰናይት፦
መስኮት ክፈቺ። ቶሎ።

አንባቢው፦
መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንወቀው። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ዩራኒየም አለ። ዩራኒየሙ ቀስ በቀስ እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል። ራዲየሙ ሲፈርስ ራዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። የራዶን ግማሹ በ3.8 ቀን ይፈርሳል፤ ከእሱ የሚወጡት ፖሎኒየም የሚባሉ ጨረራማ ነገሮች ናቸው ሳንባ ላይ ተጣብቀው የሚጎዱት። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ታሪኩ ከባድ ነው። ግራንድ ጀንክሽን ከተማ በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ የዩራኒየም ፋብሪካው ዝቃጭ አሸዋ ይመስል ስለነበር ሰው ለግንባታ መሙያ ወሰደው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ግቢዎች ውስጥ ገባ። ኋላ መንግሥት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሲቆፍርና ሲያስወጣ ዓመታት ፈጀ። ናቫሆ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጆችም ያለ በቂ አየር ማስወጫ ዩራኒየም ሲቆፍሩ ኖረው ብዙዎቹ በሳንባ ካንሰር ሞቱ። የካሳው ሕግ የወጣው በ1990 ነው። ይህን ማወቅ አለብን፤ ግፍ ነው የተሠራባቸው።

ደረጀ ዘ ዴንቨር፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው። ሴትዮዋ ግን የምትጠይቀው ለዛሬ ማታ ነው።

ነፃ ሐሳብ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄ የኢንስፔክተሮች ንግድ ነው። ሙዝም እኮ ጨረር አለው። ጤፍም ፖታሲየም አለው። እንጀራ ልንተው ነው? አያቶቻችን ምድር ላይ ተኝተው 90 ዓመት ኖረዋል።

ቡና አፍቃሪ፦
ዕጣን አጭሺበት፣ ይሸሻል 😄

ሲስተር፦
ቡና አፍቃሪ፣ ጭስ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያባርረውም። ራዶንና ሲጋራ አንድ ላይ ሲሆኑ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ በጣም ይጨምራል። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ይውጣ።

ነፃ ሐሳብ፣ የሙዙ ነገር እውነት ነው። ፖታሲየም ያለበት ምግብ ሁሉ ፖታሲየም 40 የሚባል ጨረራማ ነገር አለው፤ ሙዝም፣ ድንችም፣ ባቄላም፣ ጤፍም። አንድ ሙዝ በሰከንድ 15 ገደማ አቶም ይፈርስበታል። የራስህ ሰውነትስ? ከ4,000 በላይ። ነገር ግን ሰውነት ፖታሲየሙን ይመጥነዋል፣ የበዛውን ያስወጣል። ሙዝ በመብላትህ ጨረር አይጠራቀምብህም። ራዶን እንደዚያ አይደለም፣ የምትተነፍሰው ነው። በአሜሪካ በዓመት ወደ 21,000 ሰው በዚህ ሳቢያ በሳንባ ካንሰር እንደሚሞት የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ይገምታል። ከማጨስ ቀጥሎ ሁለተኛው መንስኤ ነው። ስለዚህ እናቲቱ መጨነቋ ልክ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ተረጋጊ። የራዶን ጉዳት በዓመታት ነው የሚመጣው፣ በአንድ ሌሊት አይደለም። ልጆቹን ለጊዜው ላይ አስተኚያቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግን ራዶንን ጨርሶ አያውቀውም። በእሱ ዝምታ አትተማመኚ።

ሰናይት፦
እኔ እኮ ብያለሁ፣ መስኮት ክፈቺ።

ደረጀ ዘ ዴንቨር፦
የቤዝመንቱን መስኮት ከሆነ ለጊዜው ይረዳል። የላይኛውን ፎቅ ብቻ ከከፈተች ግን በብርድ ጊዜ ሊብስ ይችላል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ከአፈሩ የበለጠ ይስባል።

የመንታዎቹ እናት፦
አመሰግናለሁ። አውሮራ ነኝ፣ ኮሎራዶ። ማራገቢያው ውጭ ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ነው። ስንገዛ የራዶኑ ልኬት 9.2 ፒኮኪዩሪ በሊትር (የራዶን መለኪያ ነው) ነበር፤ ማራገቢያው ከተተከለ በኋላ ወረደ። ልጆቹን ወደ ሳሎን እያወጣኋቸው ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦
ውጭ ከሆነ ባለሙያውን ከመጠበቅሽ በፊት ይህን እዪ። ጋራዡ ውስጥ መሐሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፍ ያለው ሶኬት አለ? ብዙ ጊዜ የውጩ መስመር ከእሱ ጋር ነው የተያያዘው። ዝናብ ወይም በረዶ ሲነካው ይዘጋል። «ሪሴት» የሚለውን ተጫኚ። ካልሆነ ብሬከሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪ። ከማራገቢያው አጠገብም ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ልጆች ነክተውት ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ አንዱ ጎን ከፍ ካለ እየሳበ ነው። መብራት ኖሮ ሞተሩ ዝም ካለ ግን ማራገቢያው አርጅቷል፤ ያኔ ሽቦውን አትንኪው። ሞዴሉን ከላዩ ላይ ፎቶ አንሺና ለባለሙያው ላኪለት፣ ዕቃውን ይዞ ይምጣ።

ነፃ ሐሳብ፦
እሺ። ግን ራዶኑ ከዚያ ካለፈ አስጠግኑ የሚባልበት 4 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? 3.9 ደህና ነው፣ 4.1 ገዳይ ነው?

ሲስተር፦
አይደለም። 4 ፒኮኪዩሪ በሊትር አሜሪካ «አስጠግኑ» የምትልበት መስመር ነው እንጂ የደኅንነት ድንበር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት 2.7 ገደማን ነው የሚመክረው። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
ይቅርታ ጉዳዩን ላስቀይርና፣ እኔ ሜሪላንድ ቤት ልሸጥ ነው። የራዶን ምርመራ ግዴታ ነው አሉኝ፣ እውነት ነው?

ደረጀ ዘ ዴንቨር፦
ሞንጎመሪ ካውንቲ ከሆንክ አዎ፣ ለነጠላ ቤት ሽያጭ ከ2016 ጀምሮ ይጠየቃል። ሌላ ካውንቲ ከሆነ ወኪልህን ጠይቅ።

ለእናቲቱም ልጨምር። ማራገቢያው ሲነሳ ቢያንስ አንድ ቀን ይሥራ። ከዚያ በርና መስኮት ዘግታችሁ 48 ሰዓት ለኩ። የኮሎራዶ ጤና መሥሪያ ቤት ለነዋሪ በነፃ መመርመሪያ ይሰጣል፣ ገንዘብ አታውጪ።

ሰናይት፦
ሶኬቱ ነበር እንዴ? ንገሪን እንጂ።