የስትሮማኤ «አሎር ኦን ዳንስ» በ2009 ነው ወይስ በ2010 የወጣው? ለተማሪዎች ስለማቀርበው እርዱኝ

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፈረንሳይኛ ክበብ አስተባብራለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚህ የቤልጅየማዊው ዘፋኝ የስትሮማኤ ነጠላ ዜማ የሃያ ደቂቃ ዝግጅት አለኝ። ልጆቹ ዜማውን የሚያውቁት በቲክቶክ ስለሆነ አዲስ ዘፈን ይመስላቸዋል። መረጃ ስሰበስብ አንዱ በ2009 ወጣ ይላል፣ ሌላው በ2010። በሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥም አንዱ አንደኛ ሆነ ሲል ሌላው ሃያ አምስተኛ ይላል። አሜሪካዊው ራፐር ካንዬ ዌስት ያለበት ቅጂም አለ። የትኛውን ልያዝ? ተማሪዎቼ ጠያቂዎች ናቸው፤ በግምት መናገር አልፈልግም።

ከብራሰልስ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ዓመታት ትክክል ናቸው። ዘፈኑ መጀመሪያ የተለቀቀው እዚህ ቤልጅየም ውስጥ በ2009 መገባደጃ ላይ ነው። ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌሎች አገሮች የዘለቀው በ2010 ነው። ስትሮማኤ፣ በትክክለኛ ስሙ ፖል ቫን ሃቨር፣ በ1985 ብራሰልስ ተወለደ። ዘፈኑ በወጣበት ጊዜ ኤንአርጄ በተባለው የሬዲዮ ጣቢያ የሥራ ልምምድ ላይ ነበር፤ የጣቢያው የሙዚቃ ኃላፊ ዘፈኑን ሰምቶ ወደደውና አየር ላይ አዋለው። ይህን ለልጆቹ ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ፤ በእነሱ ዕድሜ ላለ ሰው ከማንኛውም ቁጥር በላይ ልብ ያነሳሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤልጅየም አንድ የሙዚቃ ደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ ያላት አገር አይደለችም። አልትራቶፕ የተባለው ድርጅት ደች ለሚናገረው ለፍላንደርስ ለብቻው፣ ፈረንሳይኛ ለሚናገረው ለዋሎኒያ ለብቻው ያወጣል። ሁለቱ ወገኖች ጋዜጣቸውም ቴሌቪዥናቸውም የተለያየ ስለሆነ በአንዱ በኩል የገነነ ዘፋኝ በሌላው በኩል ስሙ እንኳን ላይታወቅ ይችላል። ይህ ዘፈን ግን በሁለቱም አንደኛ ሆኗል። ለእኔ እውነተኛው ድል ይኸኛው ነው። የፈረንሳዩን ውጤት ሁሉም ያወራዋል፤ የፍላንደርሱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ከጀርመን፦
ደረጃ ሲጠቅሱ አገሩንና ዓመቱን አብረው ይጥቀሱ፤ ያን ጊዜ የሚጋጭ ነገር አይኖርም። በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን አንደኛ ወጥቷል። ሃያ አምስተኛ የሚለው የብሪታንያ ነው። ይህንንም እንደ ውድቀት አድርገው እንዳያቀርቡት እለምናለሁ፤ በብሪታንያ በእንግሊዝኛ ያልተዘፈነ ዘፈን ወደ ሰንጠረዡ መግባቱ ራሱ ብርቅ ነው። «በዓለም አንደኛ» የሚለውን ግን ይተዉት፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰንጠረዥ በራሱ ስሌት ነው የሚያወጣው።

ካንዬ ዌስት ያለበት ቅጂ በ2010 የወጣ ሪሚክስ፣ ማለትም እንደገና የተቀናበረ ቅጂ ነው። ዘፈኑ በአውሮፓ ታዋቂ ከሆነ በኋላ የመጣ ስለሆነ ለዝናው ምክንያት አድርገው አያቅርቡት። ለተማሪዎች ሲጽፉም «እ.ኤ.አ.» ይበሉ። በእኛ አቆጣጠር ዘፈኑ የወጣው 2002 ዓ.ም. ሲጀምር ነውና፣ 2009 ብቻ ካሉ ልጆቹ የሰባት ዓመት ስሕተት ይዘው ይሄዳሉ። በቲክቶክ የሰሙት ደግሞ በ2021 ፍጥነቱ ተቀንሶ የተሰራጨው ነው፤ ዋናውን ያስደምጧቸው።

ጡረታ የወጣሁ የፈረንሳይኛ መምህር፦
ልጄ፣ ከሃያው ደቂቃ ለሰንጠረዡ ከአምስት በላይ አትስጪ። ሀብቱ ያለው ግጥሙ ላይ ነው። ስንኙ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ትምህርት ሥራን ይጠራል፣ ሥራ ገንዘብን፣ ገንዘብ ወጪን፣ ብድር ዕዳን፤ ዕዳው ደግሞ የፍርድ አስፈጻሚውን ደጃፍ ድረስ ያመጣል። ፍቅርም ልጆችን ያስከትላል፣ ከዚያም ፍቺን። ይህን ሁሉ ለመርሳት ሰዎቹ ወጥተው ይጨፍራሉ፣ ጭፈራው ግን ችግሩን አያስወግድም። ከላይ ሳክስፎን የሚመስለው ድምፅ ያንኑ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይመላለሳል፤ ድምፃዊውም ሳይጮህ፣ እንደ ደከመው ሰው ነው የሚናገረው። በ2009 አውሮፓ በገንዘብ ቀውስ ውስጥ እንደነበረች ብታስታውሻቸው ነገሩ ይገባቸዋል። ቀውሱ በግጥሙም ውስጥ ተጠቅሷል።

አቀራረብሽ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ዘፈኑን ያለ ማብራሪያ አሰሚያቸው። ቀጥሎ በግጥሙ የሚደጋገመውን «ኪ ዲ... ዲ...» («ይህን ያለ ያንንም አለ» እንደማለት) የሚለውን የዓረፍተ ነገር አሠራር ሰሌዳ ላይ ጻፊና እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ ኑሮ አንድ ቀለበት ይጨምር፤ ፈተና፣ ታክሲ፣ የቤት ኪራይ፣ የመጣላቸውን ይበሉ። ሰንሰለቱ ሲረዝም ሰዋስዉም አብሮ ይገባል። ከዚያ ዘፈኑን በድጋሚ አሰሚያቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሰንሰለቱን ሐሳብ ወስጃለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ አባቱ ሩዋንዳዊ እንደነበሩና በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ እንደተገደሉ አነበብሁ። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ላንሳው?

ጡረታ የወጣሁ የፈረንሳይኛ መምህር፦
አንሺው፣ ነገር ግን ከዚህ ዘፈን ጋር አታያይዢው። ስለ አባት የዘፈነው በ2013 ባወጣው «ፓፓውቴ» ነው። ለእሱ ሌላ ክፍለ ጊዜ ያዢለት፤ በሃያ ደቂቃ መጨረሻ ላይ በችኮላ የሚነገር ታሪክ አይደለም።