ሽንት ሲያቃጥል የገብስ ውሃ ወይስ ጤና ጣቢያ? (የኮዬ ፈጬ ሰፈርተኞች ክርክር)

እማማ ተልባ፦ እኔ ስንቱን ጎረቤት በገብስ ውሃና በተልባ አሽሬያለሁ፤ እናንተ ትንሽ ሲያቃጥላችሁ ያንን አንቲባዮቲክ፣ ሲፕሮ ሲፕሮ ትላላችሁ፣ ኋላ መድኃኒቱ እምቢ ሲል ደሞ ለቅሶ

የላብ ልጅ (ላብራቶሪ የሚሠራው)፦ እማማ በሲፕሮውስ እውነትዎን ነው፣ ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝቶ ሁለት ቀን ውጦ መተው ነው ባክቴሪያውን ያለማመደው። ገብሱ ላይ ግን የሚሠራው ውሃው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር፣ ብዙ ውሃ የማይጠጡና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሴቶች ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ጨመሩ፣ በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፣ ያልጨመሩት 3.2

ብሎክ 9፦ ውሃ ጠጡ ማለት ቀላል ነው ወንድሜ፣ እዚህ ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው! ደሞ የሥራ ቦታው ሽንት ቤት አያስገባም ብላ ሳትጠጣ ሳትሸና ውላ ከዛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆመው ስንት ናት፣ እሱን ማን አጠናው

ሚሚ፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የክራንቤሪ (የቀይ ፍሬ) ኪኒንስ?

የላብ ልጅ፦ እሱ ማስረጃ አለው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. 50 ጥናት ገምግሞ፣ የሚመላለስባቸው ሴቶች እንደገና የመያዝ ዕድላቸው በሩብ ገደማ ይቀንሳል ብሏል። ግን ለመከላከል ነው እንጂ የያዘሽን አያድንም፣ ለነፍሰ ጡርም ጥቅሙ አልታየም

እማማ ተልባ፦ አየህ! ፈረንጅ ሲያሽገው ማስረጃ፣ እኔ ሳፈላው ተረት

የላብ ልጅ፦ ኧረ እማማ የፈረንጁም ይወድቃል። ጀርመን ኡቫ ኡርሲ የሚባል ቅጠል ከአንቲባዮቲክ ጋር አወዳደሩ፣ ቅጠሉን ከወሰዱት ብዙዎቹ ያለ አንቲባዮቲክ ጨረሱ፣ ግን ስቃዩ ባሰባቸው፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ድረስ የወጣባቸውም በዛ ያሉ ነበሩ

ሚሚ፦ ጤና አዳምስ? አንዷ አፍልተሽ ጠጪው አለችኝ

የላብ ልጅ፦ እርጉዝ ከሆንሽ እንዳትነኪው፣ ማህፀን ያኮማትራል!!

እማማ ተልባ፦ እሱንስ እኔም አልልም። ግን ቅዳሜ ማታ ሲያቃጥላት ያንተ ላብራቶሪ ዝግ ነው፣ የኔ ድስት ግን ክፍት ነው

የላብ ልጅ፦ እሺ እስኪነጋ ገብሱን ትጠጣ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ወይ የጎን ውጋት ካላት፣ ወይ እርጉዝ ከሆነች ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው

እማማ ተልባ፦ ያኔ መኪናውን አንተ ታመጣለህ ልጄ፣ ከኮዬ በዛ ሰዓት ኮንትራት ታክሲ የሚገኝ መስሎህ ነው