"የማናውቀው ሰውዬ"

(በሆላንድ ከተሞች የሚኖሩ ወዳጆች በስልክ የተጻጻፉት)

የሮተርዳሟ፦ ትናንት ቡና ላይ አንድ ወንድማችን "የማናውቀው ሰውዬ ግድግዳሽ ላይ ምን ይሠራል?" አለኝ። በጣም ከፋኝ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሥዕል ነው። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የጠመጠመ ሰው። ፊቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ወደድኩት። በቃ።

የአምስተርዳሙ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ሆላንድ በደቡብ አሜሪካ ቅኝ ግዛቷ በነበረችው ሱሪናም ውስጥ ባርነትን ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ካሳው የተከፈለው ለጌቶቹ ነው፤ ነፃ ለወጣው ለእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ 300 ጊልደር፣ የያኔው የሆላንድ ገንዘብ። ነፃ ወጡ የተባሉት ደግሞ እስከ 1873 በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሥሩ ተባሉ። እንዲህ አምሮበት የተሣለ ሰው ገንዘቡን ከየት አመጣው?

የሮተርዳሟ፦ ካላወቅከው እንዴት ወነጀልከው? ሐኪም ቢሆንስ? ቄስ ቢሆንስ?

የዘ ሄጉ፦ እንወቀው እንግዲህ። ገልብጪና ጀርባውን እዪ። ስም ካለው የሱሪናም የባርነት መዝገብ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። የባለቤቶቹም ስም ተጽፏል።

የአምስተርዳሙ፦ የሆላንድ ንጉሥ ራሳቸው በ2023 ስለ ባርነቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። እኛ እነዚያን ጌቶች ሳሎን ላይ እናከብራቸዋለን?

እናት ከዩትሬክት፦ ልጄ፣ ከሶፋው በላይ የነበረው የአባትሽ ፎቶ የት ገባ?

የሮተርዳሟ፦ መኝታ ቤት ነው፣ እማማ። ፀሐይ እየበላው ነበር።

የአምስተርዳሙ፦ ይኸው! አባት ጓዳ፣ ባዕድ ሳሎን።

የሮተርዳሟ፦ አባቴን አትንካ!

የሃርለሙ፦ ፀሐይማ ሥዕሉንም ይጎዳል። ራዲያተር በላይም አትስቀዪው፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቢጫ ያደረገው ያረጀ ቫርኒሽ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪው። ደግሞ ፎቶ ሳይስፋፋ አቅም ያለው ሰው መልኩን ለልጆቹ የሚያቆየው በዚህ ነበር። አባቷም ሱፍ ለብሰው ፎቶ ቤት ገብተው የለ?

የአምስተርዳሙ፦ "ለልጆቹ" አልክ። ልጆቹ የሸጡትን እኛ ምን አገባን?

የሮተርዳሟ፦ ስለተጣለ ነው ያነሳሁት! አሁን ገለበጥኩት። የተቀደደ ወረቀት ተለጥፎበታል። "ቫን ደር" ይላል፤ ቀሪው የለም።

የአምስተርዳሙ፦ "ቫን ደር" የማይባል ማን አለ እዚህ አገር? አሁንም የማናውቀው ሰውዬ ነው።

እናት ከዩትሬክት፦ እሑድ እመጣለሁ። አባትሽን ሳሎን ላግኛቸው።