ረቂቁ ላይ ያለኝ ሐሳብ፦ «ከፍ ያለ ግምት» ሲባል ክፍል ውስጥ ምን ማለት ነው?

ከደብረ ማርቆስ፣ የአማርኛ መምህርት፦
ጤና ይስጥልኝ። የመምህራን መመሪያው ረቂቅ ስለ «ከፍ ያለ ግምት» ሲናገር «መምህራን ከሁሉም ተማሪ ከፍተኛ ውጤት ይጠብቁ» ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ምን እንደማደርግ አይነግረኝም። እኔ ለዓመታት ኋላ ወንበር ላሉት ቀላል ቀላሉን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አንዷ «ቲቸር፣ ከባዱ ለእነሱ ነው አይደል?» አለችኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከቢቸና፣ የሒሳብ መምህር፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን እኔ ክፍል ከ70 በላይ ልጅ አለ። ብዙዎቹ ትምህርት ተቋርጦባቸው የከረሙ ናቸው። ክፍልፋይ ያልያዘ ልጅ «ትችላለህ» ስላልኩት አልጀብራ አይችልም። መጀመሪያ ጉድለቱ ይሞላ።

ከሞጣ፣ የሳይንስ መምህር፦
ጉድለቱን መሙላትና ብዙ መጠበቅ አይጣሉም። የቅኔ ቤቱን አስቡት። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭር ቅኔ ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ይውላል፣ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። ከተበላሸ ይታረማል፣ በማግስቱም ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና መነሻው እንጂ መቆሚያው አይደለም፤ ከፊቱ መወድስ እስከሚባለው ረጅም ቅኔ ድረስ መንገድ አለ። እኛ ግን መነሻውን ዝቅ ስናደርግ መድረሻውንም አብረን እናወርደዋለን።

ሌላም አለ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ሰከንድ እንደሚታገሡ ለካች። ለጎበዞቹ 2 ሰከንድ ያህል፣ ደካማ ለሚሏቸው 1 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ። ይህ በጀት አይጠይቅም። 70 ልጅ ባለበት ክፍልም ይሆናል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የአማርኛ መምህርት፦
እንግዲያው እንዲህ ብለን እንጻፈው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የሚለያየው እገዛው ነው። ጠይቀን 3 ሰከንድ እንታገሥ። የተሳሳተ ሥራ ኤክስ ተደርጎበት አይቅር፤ ልጁ አርሞ ይመልሰው። የሁሉንም ደብተር በአንድ ቀን ማየት ስለማይቻል በቀን 10 ደብተር እንጀምር፣ ከኋላ ወንበር። ማጠናከሪያው ትምህርትም የሚያስተምረው ጎደሎውን ይሁን፤ ያንኑ ምዕራፍ መድገም ልጁን ያሰለቸዋል። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከመምህራን ማረፊያ ክፍልም እናውጣው፤ እዚያ የተባለው ክፍል ድረስ ይከተለናል።

ወንድሜ፣ የክፍልፋዩን መለማመጃ አንተ ታዘጋጃለህ? የንባቡን እኔ እስከ ዓርብ እልካለሁ።

ከቢቸና፣ የሒሳብ መምህር፦
እሺ፣ አዘጋጃለሁ። ደብተሩን ግን 5 አድርጉት። ጀምረን ከምናቋርጥ ይሻላል።